ትስስርን መመዘን ወይስ ይሉኝታን? የአካሚና የታካሚ ግንኙነት ምዘና ከጁባ አንጻር

በሥነ ልቦና ሕክምና ምርምር ደጋግሞ ከተፈተሹት ግኝቶች አንዱ፣ በአካሚና በታካሚ መካከል ያለው መግባባት ከሕክምናው ውጤት ጋር መዛመዱ ነው። ፍሉኪገርና ባልደረቦቹ በ2018 እ.ኤ.አ. 295 ጥናቶችን አጠቃለው ያገኙት የተዛምዶ ልኬት 0.28 ገደማ ነው፤ መጠነኛ ቢሆንም ጽኑ ነው። የምዘናው መሠረት ኤድዋርድ ቦርዲን በ1979 ያቀረበው ሐሳብ ነው፦ በግብ መስማማት፣ ግቡ በሚደረስበት ሥራ መስማማት፣ ስሜታዊ ትስስር። ሆርቫትና ግሪንበርግ በ1989 ይህን ባለ ሰባት ደረጃ መልስ ወዳላቸው 36 ዓረፍተ ነገሮች ለወጡት። መጠይቁ ሳይናገር የሚገምተው ግን ብዙ ነው፦ አንባቢ ታካሚ፣ አንድ አካሚ፣ የተዘጋ ክፍል።

እነዚህ ግምቶች በማላኪያ ይፈተናሉ፤ ማላኪያ በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ከሚገኙት ነባር ሰፈሮች አንዱ ነው። ብሔረሰቦች ተደባልቀው ይኖሩበታል፤ የሚያግባባቸው የጁባ ዓረብኛም በዋናነት የአፍ ቋንቋ ነው። ስለዚህ መጠይቁን አንድ ሰው ጮክ ብሎ ማንበብ አለበት። ያ ሰው ማን ነው? ከታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ አገሪቱ ባየችው ጦርነት ውስጥ ያለፈች ሴት የምትመልሰው የጠያቂውን ወገን መዝና ነው ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2016 እንደዘገበው፣ በአገሪቱ የሥነ አእምሮ ሕክምና ይሰጥ የነበረው ብቸኛው የመንግሥት ተቋም የጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል ሲሆን የነበሩት አልጋዎች 12 ነበሩ። የቀረው ሥራ የሚወድቀው አጭር ሥልጠና በወሰዱ ሰዎች ላይ ነው፤ ከእነዚህም ጥቂት የማይባሉት የታካሚው ጎረቤት ይሆናሉ።

በኡጋንዳ ራይኖ ካምፕ ለደቡብ ሱዳናውያን ስደተኛ ሴቶች የተሰጠውና ውጤቱ በ2020 የታተመው ሙከራ ጥያቄውን ያወሳስበዋል። 694 ሴቶች የተሳተፉበት ይህ ጥናት የፈተሸው ትምህርት በጁባ ዓረብኛ ተቀርጾ በቡድን የሚደመጥ ነበር፤ አመቻቾቹም ባለሙያ አካሚዎች አልነበሩም። ከሦስት ወር በኋላ የተሳታፊዎቹ ጭንቀት ከንጽጽር ቡድኑ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ታዲያ ትስስሩ ከማን ጋር ነው? ከተቀረጸው ድምፅ፣ ከአመቻቿ፣ ወይስ አጠገብ ከተቀመጡት ሴቶች? በእኔ እምነት የቦርዲን ሦስት ነጥቦች እዚህም ይሠራሉ፤ «አካሚዬ» የሚለው ቃል ግን አይሠራም።

ሌላው ችግር ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በምዕራቡ ዓለም እንኳ መልሶቹ ወደ ላይኛው ጫፍ ይከማቻሉ። ነፃ እርዳታ የተቀበለ፣ በይሉኝታ ያደገ ሰው «አልረዳኝም» ብሎ ምልክት ያደርጋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ኔፓል ውስጥ ተዘጋጅቶ በ2015 የታተመው ኢናክት የተባለ የምዘና መሣሪያ ሌላ መንገድ ይዟል፦ ሠልጣኙ አማካሪ በተጠና ትወና ሲሠራ ታዛቢ 18 ክህሎቶችን ይመዝናል። ማንበብ ለማይችል ታካሚ ሸክም የለውም። የሚያየው ግን የአማካሪውን ችሎታ እንጂ ታካሚዋ ልቧን መስጠቷን አይደለም።

ለማላኪያ የምመርጠው ጥምር ምዘና ነው፦ የታዛቢ ደረጃ፣ በሕክምናው ያልተሳተፈ ጠያቂ በቃል የሚያቀርባቸው ጥቂት ጥያቄዎች፣ የመቅረት መዝገብ። ጥያቄዎቹም «ተደስተሻል?» ሳይሆን «ያልነገርሽው ነገር አለ? ወደዚህ ስትመጪ ማን ያይሻል?» የሚሉ ቢሆኑ ይሻላል። ከአንድ ከፍተኛ ነጥብ ይልቅ በሁለት ቀጠሮዎች መካከል የታየ ቅናሽ የበለጠ ይናገራል፤ አማካሪው ሳይዘገይ ሊጠይቅበት የሚችለው እሱ ነውና።