ባለቤቱ ማን ነው? የሰሜን ግሪክ ቅይጥ ነጭ ወይን ጠጅ

በሰሜን ግሪክ፣ በድራማ አውራጃና በፓንጌዮን ተራራ ግርጌ ከሚመረቱት ደረቅ ነጭ ወይን ጠጆች ብዙዎቹ የሁለት ዝርያዎች ቅይጥ ናቸው፦ የግሪኩ አሲርቲኮና ከፈረንሳይ የመጣው ሶቪኞን ብላን። ስለ እነዚህ ወይን ጠጆች ሲጻፍ አሲርቲኮ እንደ ባለቤት፣ ሶቪኞን ብላን እንደ እንግዳ መቆጠራቸው የተለመደ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህን አከፋፈል ነው።

አሲርቲኮ የሳንቶሪኒ ደሴት ተወላጅ ነው። በዚያ የእሳተ ገሞራ አመድና ስብርባሪ በሞላው አፈር ላይ ገበሬው ሐረጉን ከነፋስ ለማዳን እንደ ቅርጫት አጣምሞ መሬት ላይ ያስተኛዋል። አፈሩ ሸክላ ስለሚያንሰው ሥር አጥፊው ነፍሳት ፊሎክሴራ አልተራባበትም፤ ተክሎቹም እስካሁን በገዛ ሥሮቻቸው ቆመው ይገኛሉ። ከዚህ ደሴት እስከ ድራማ ድረስ የኤጂያን ባሕር ተዘርግቷል። አሲርቲኮ ወደ ሰሜን የተሻገረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ ማለትም ከሶቪኞን ብላን ጋር በአንድ ዘመን። ድራማና ጎረቤቷ ካቫላ ደግሞ ስማቸው ገኖ የኖረው በወይን ሳይሆን በትምባሆ ነበር። እንግዲህ በድራማ ኮረብታዎች ሁለቱም እንግዶች ናቸው። አንዱን አገር በቀል የሚያሰኘው የመንግሥት ድንበር እንጂ የመሬቱ ትዝታ አይደለም።

የሽግግሩን ታሪክ ከፖርቶ ካራስ ነጥሎ ማየት አይቻልም። የመርከብ ባለሀብቱ ያኒስ ካራስ በሰሜን ግሪኳ ሃልኪዲኪ በመሠረቱት በዚህ ሰፊ እርሻ የቦርዶው የወይን ጠጅ ሊቅ ኤሚል ፔኖ አማካሪ ነበሩ፤ በቦርዶ የተማሩት ኢቫንጌሎስ ጌሮቫሲሊዩም ለዓመታት ሠርተውበታል። የደሴት፣ የዋናው ምድርና የፈረንሳይ ዝርያዎች ጎን ለጎን ተተክለው የተፈተኑት እዚያ ነው። ሊጠፋ ተቃርቦ የነበረው የግሪክ ዝርያ ማላጉሲያ፣ ፕሮፌሰር ቫሲሊስ ሎጎቴቲስ ከምዕራባዊው ናፍፓክቶስ አካባቢ ሰብስበውት፣ ነፍስ የዘራው በዚሁ እርሻ ነው። ይህ ለእኔ ከሁሉ የላቀ ማስረጃ ነው፤ የፈረንሳይ ዝርያ የገባበት በር የግሪኩን አላስወጣም፣ ይልቁንም አዳነው።

ቅይጡ ለምን እንደሚሠምር የሚያስረዳው ግን የወይኑ ባሕርይ ነው። ሶቪኞን ብላን መዓዛው ፈጥኖ የሚሰማ ነው፤ አረንጓዴ ቅጠልና የሎሚ ዘመዶችን ያስታውሳል። ሆኖም ሙቀት ሲበረታበት የቅጠሉ መዓዛ ይሳሳል፣ ኮምጣጣነቱም ይወርዳል። አሲርቲኮ በተቃራኒው መዓዛው ቁጥብ ነው፤ ፍሬው በጠራራ ፀሐይ በስሎ ስኳሩ ከፍ ሲል እንኳ ኮምጣጣነቱን አይለቅም። ስለዚህ ሲቀላቀሉ አንዱ አፍንጫን ይጠራል፣ ሌላው ምላስ ላይ ጸንቶ ይቆያል። ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የሶቪኞን መዓዛ ከአየር ጋር ሲነካካ ስለሚበላሽ ጭማቂው ቀዝቅዞ በማይዝግ የብረት ጋን ውስጥ ይፈላል።

ጌሮቫሲሊዩና ቫሲሊስ ጻክጻርሊስ እ.ኤ.አ. በ1998 በፓንጌዮን ግርጌ የመሠረቱት ቢብሊያ ኾራ የተባለው ወይን ጠጅ ጠማቂ ሁለት የቅይጥ መንገዶችን ያሳያል። በነጩ ወይን ጠጁ ሶቪኞን ብላን ያይላል፤ ኦቪሎስ በተባለው ግን አሲርቲኮ ከሌላው የፈረንሳይ ዝርያ ከሴሚዮን ጋር ተጋብቶ በእንጨት በርሜል ይፈላል። እኔ ሁለተኛውን አስበልጣለሁ፤ ሴሚዮን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሙላት ስለሚጨምር የአሲርቲኮ ጥንካሬ አይሸፈንም።

የግሪክ ሕግ የተጠበቀ የትውልድ ስም የሚሰጠው በአመዛኙ ለአገር በቀል ዝርያዎች ነው። በመሆኑም እነዚህ ቅይጦች የሚሸጡት ሰፋ ባለው የተጠበቀ መልክዓ ምድራዊ አመላካች ሥር ነው። ዳሩ ግን ይኸው ሕግ በሃልኪዲኪ ለሜሊቶን ተዳፋት ቀይ ወይን የጥንቱ የግሪክ ዝርያ ሊምኒዮ ከፈረንሳዩ ካቤርኔ ጋር እንዲቀላቀል ፈቅዷል። ለቀዩ የተፈቀደው ለድራማ ነጭ የሚከለከልበት አሳማኝ ምክንያት አላገኘሁም። ይህ ጥያቄ እስኪፈታ ድረስ ጠጪው የጠርሙሱን መለያ ልብ ብሎ ያንብብ፤ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ሁለት ዝርያዎች ከተጻፉ ቀድሞ የሚጠራው በመጠን የሚበልጠው ነው።