የጁፒተር ማዕበሎችና የማኅደር ክፍተት



የታሪክ መምህር ስለ ጁፒተር ደመና መናገሩ ያስገርም ይሆናል። ወደዚህ ርእስ የሳበኝ የሙያችን ጥያቄ ነው፦ በሁለት ዘመናት የታየ ነገር አንድና ያው መሆኑን በምን እናረጋግጣለን?

እ.ኤ.አ. በ1665 ጆቫኒ ካሲኒ በጁፒተር ገጽ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ተመለከተ። ነጥቡ እስከ 1713 አልፎ አልፎ ከታየ በኋላ ከመዛግብት ጠፋ። ዛሬ ታላቁ ቀይ ነጥብ የምንለውን ማዕበል የሚጠቁመው ቀዳሚ ሥዕል ደግሞ የ1831 ነው። የሣለው ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ሽቫበ ሲሆን፣ ቀደም ሲል መድኃኒት ቀማሚ ነበር። በሁለቱ መካከል የ118 ዓመት ክፍተት አለ። በ2024 የታተመ ጥናት መጠናቸውንና እንቅስቃሴያቸውን አነጻጽሮ፣ አንድ መሆናቸው የማይመስል ነው ብሏል። ሆኖም ይህ ከስሌት የተገኘ ግምት እንጂ የዓይን ምስክርነት አይደለም።

ከዚህ ጋር ሌላ ታሪክ እናነጻጽር። በ1930ዎቹ መጨረሻ በጁፒተር ደቡባዊ ንፍቀ ክበብ ሦስት ነጫጭ ሞላላ ማዕበሎች ተፈጠሩ። ባለሙያዎችና አማተሮች ለስድሳ ዓመታት ተከታተሏቸው። በ1998 ሁለቱ ተዋሐዱ፤ በ2000 ሦስተኛው ተጨመረ። በ2006 መጀመሪያ፣ በፊሊፒንስ የሴቡ ነዋሪ የሆነው አማተር ክሪስቶፈር ጎ፣ ይህ ነጭ ማዕበል መቅላቱን ባነሣው ፎቶግራፍ አስተዋለ። ሃብል ቴሌስኮፕ ወደዚያ የዞረው ከዚህ በኋላ ነው። የዚህን ማዕበል ልደት፣ ውሕደትና የቀለም ለውጥ የምናውቀው መዝገቡ ስላልተቋረጠ ነው።

የአማተሮቹ ዘዴ ትዕግሥትን ይጠይቃል። ካሜራው በጥቂት ደቂቃዎች በሺህ የሚቆጠሩ ምስሎችን ይቀርጻል፤ ኮምፒውተሩም የከባቢ አየር መናወጥ እምብዛም ያላደበዘዛቸውን መርጦ ይደራርባል። ጁፒተር ከ10 ሰዓት ባነሰ ጊዜ በራሱ ዛቢያ ስለሚሽከረከር ቀረጻው ሲረዝም ዝርዝሩ ይደበዝዛል። አንዱ ዘንድ ሲነጋ በሌላው አገር ስለሚመሽ፣ የአንዱን ምልከታ ሌላው ይቀጥለዋል።

ለታሪክ ጸሐፊ ግን ከምስሉ ውበት ይልቅ ቀኑና ሰዓቱ ይበልጣል። ጊዜው የተጻፈበት ደብዛዛ ሥዕል ምስክር ይሆናል፤ ጊዜው ያልታወቀ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ግን በቅደም ተከተሉ ውስጥ ቦታ አያገኝም። ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ማኅደር ስትከፍቱ ማን ምን እንዳየ ብቻ ሳይሆን፣ ማንም ያልመዘገበበት ዘመን የቱ እንደሆነም ጠይቁ። ከ1713 እስከ 1831 ያለፉትን ሌሊቶች ዛሬ የትኛውም ቴሌስኮፕ አይመልስልንም።