ነዳጁ ሳይደርስ

መርከብ ተሰብሮ ነዳጅ ባሕር ላይ ሲፈስ ሁላችንም የምናየው አንድ ዓይነት ፎቶ ነው፤ የጠቆረ ውሃና ክንፉ የተጣበቀበት ወፍ። ፎቶው ያሳዝናል፤ አንድ ጥያቄ ግን አይመልስም። ውሃው ከዚያ በፊት እንዴት ነበር? ካሳ የሚጠይቅ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። «ባሕሩ አገግሟል» የሚል ሰውም ይህንኑ ማወቅ አለበት። እኔ የምሠራው ሶፍትዌር ነው። ሲስተም ሌሊት ሲወድቅ እኛም መጀመሪያ የምንፈልገው ከመውደቁ በፊት የተመዘገበውን ሎግ ነው። የቀዝቃዛ ባሕሮችን ታሪክ ሳነብ ትኩረቴን የሳበው፣ እዚያ ሎጉን የሚይዘው ዛጎል መሆኑ ነው።

ይህ ዛጎል መስል ይባላል። አውራ ጣት የሚያክል፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሁለት ክዳን ያለው ፍጥረት ነው። በቀጫጭን ክሮች ራሱን ዓለት ላይ አስሮ ይኖራል። ምግቡን የሚያገኘው ውሃ እያጣራ ነው፤ አንድ አዋቂ መስል በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ያጣራል። ውሃው ውስጥ ነዳጅ ካለ አብሮ ይገባል። ዓሣ ቢሆን ጉበቱ ብዙውን የነዳጅ ውህድ ቶሎ ሰባብሮ ያስወግደዋል፤ በዚያ ላይ ዋኝቶ ይሄዳል። መስል ግን የትም አይሄድም፤ ነዳጅን የመሰባበር አቅሙም ደካማ ስለሆነ ውህዱ ሥጋው ስብ ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ የአንድን ባሕር ዳርቻ ያለፉ ሳምንታት ማወቅ ከፈለጋችሁ ጥቂት መስሎችን ለቅማችሁ ላቦራቶሪ መውሰድ ነው። ላቦራቶሪው ነዳጁ ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ዓይነቱንም ይለያል፤ ድፍድፍ ነዳጅና የሞተር ጭስ የሚተዉት አሻራ አንድ አይደለም።

ሐሳቡን በዓለም ደረጃ ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ጎልድበርግ የተባለ የካሊፎርኒያ የውቅያኖስ ኬሚስት ነው። በ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «የባሕር ዳርቻዎችን በመስል እንጠብቅ» የሚል ጥሪ አቀረበ። አሜሪካ ከ1986 ጀምሮ የመስል ቁጥጥርን ቋሚ አገር አቀፍ ፕሮግራም አደረገችው።

አላስካ ላይ ግን ሥራው ከዚያ ቀድሞ ተጀምሯል። በ1977 ከሰሜን ጫፍ ተነሥቶ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዘው የነዳጅ ቧንቧ ተከፈተ። ቧንቧው የሚያበቃው ቫልዴዝ ወደብ ላይ ነው። ከዚያ ነዳጁ በመርከብ ተጭኖ ፕሪንስ ዊሊያም ሳውንድን አቋርጦ ይወጣል፤ ይህ በተራራና በበረዶ ግግር የተከበበ፣ ወደ የብስ ሰርጎ የገባ ባሕር ነው። መርከቦቹ መመላለስ ሲጀምሩ የአሜሪካ መንግሥት ተመራማሪዎች የባሕሩን ዳርቻ መስሎችና ደለል እየሰበሰቡ መለካት ጀመሩ። ለጥቂት ዓመታት ለኩ፣ መዘገቡ፣ ሥራው ቆመ። ያኔ ምንም አልተፈጠረም፤ ማን ያስታውሰዋል?

መጋቢት 24 ቀን 1989፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ላይ፣ ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለው መርከብ ብላይ ሪፍ ከሚባለው ዓለት ጋር ተጋጨ። 41 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ድፍድፍ ነዳጅ ፈሰሰ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አየሩ ጸጥ ያለ ስለነበር ነዳጁ ብዙም አልራቀም፤ ከዚያ ማዕበል ተነሣና በተነው።

ከዚህ ታሪክ በጣም የምወደው ክፍል እዚህ ጋ ነው። ተመራማሪዎቹ ነዳጁን ቀድመው ወደ ዳርቻዎቹ ሮጡ። ገና ያልተነኩ ቦታዎች ደርሰው መስልና ደለል ሰበሰቡ። በኋላ እነዚህ ናሙናዎች ከ1970ዎቹ መዝገብ ጋር ተደምረው የ«በፊት»ን ቁጥር ሰጡ። ያ መዝገብ ባይኖር፣ እነዚያ ጥቂት ቀናት ቢያልፉ፣ ቁጥሩን በኋላ በምንም ገንዘብ መግዛት አይቻልም ነበር።

ቁጥሩ ወዲያው አስፈለገ። ኤክሶን የቀጠራቸው ተመራማሪዎች ባሕሩ ወለል ላይ ከአደጋው በፊትም የነዳጅ ውህድ እንደነበረ፣ ምንጩም ከመሬት በተፈጥሮ የሚመነጭ ነዳጅ እንደሆነ ተከራከሩ። የመንግሥት ተመራማሪዎች ደግሞ «አብዛኛው የድንጋይ ከሰል ነው» አሉ። ልዩነቱ ተራ የኬሚስቶች ጭቅጭቅ አልነበረም። ከሰል ውስጥ ያለ ውህድ እንደታሰረ ስለሚቆይ ወደ እንስሳት አካል እምብዛም አይገባም፤ የፈሰሰ ነዳጅ ግን ይገባል። ደለል ውስጥ የተገኘ ቁጥር ብቻውን ይህን አይነግራችሁም። መስል ግን ሕይወት ያለው ነገር ውስጥ የገባውን ነው የሚያሳየው።

ብርዱ ደግሞ ጉዳዩን አስረዘመው። በቀዝቃዛ ባሕር ነዳጅ ቀስ ብሎ ይተናል፤ ባክቴሪያም ቀስ ብሎ ይበላዋል። ጽዳቱ በአብዛኛው በሙቅ ውሃ ግፊት ነበር። የመስል መንጋ የሸፈናቸው ቦታዎች ግን የእንስሳት መኖ ስለሆኑ እንዳይጎዱ ተብለው ተተዉ። ዓመታት አልፈው ሲታይ፣ ጥቅጥቅ ካለው የዛጎል ምንጣፍ ሥር ነዳጁ ገና ትኩስ ነበር። እነዚያን መስሎች የባሕር ኦተሮችና ዳክዬዎች ይበላሉ። በ2001 ተመራማሪዎች 9,000 ገደማ ጉድጓድ ቆፍረው ፈተሹ፤ ከጎበኟቸው ዳርቻዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ላይ ነዳጅ አገኙ። የኦተሮቹ ቁጥር ወደ ነበረበት ተመለሰ የተባለው ከአደጋው 25 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ዛሬ ቫልዴዝ ላይ ቁጥጥሩ አይቆምም። ከአደጋው በኋላ የተቋቋመው የአካባቢው ነዋሪዎች ምክር ቤት ከ1993 ጀምሮ መስል እያስለቀመ ያስመረምራል። በሚያዝያ 2020 የነዳጅ ተርሚናሉ ላይ አነስተኛ መፍሰስ ሲደርስ በአቅራቢያው የነበሩት መስሎች መዘገቡት። ከበፊቱ የሚነጻጸርበት ቁጥር ስለነበረ «ከፍ ብሏል» ማለት ተቻለ። ክርክር አላስፈለገም።

መስል ሁሉን አያውቅም። ከዳርቻው ርቆ ጥልቁ ውስጥ የሆነውን አይነግራችሁም፤ እንቁላሉን ሲጥል የሰውነቱ ስብ ስለሚቀንስ ቁጥሩም ይለዋወጣል። ለዚህ ነው በአንድ ጊዜ ለቀማ የማይሆነው፤ በየዓመቱ፣ በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ ወቅት መመለስ ያስፈልጋል። አሰልቺ ሥራ ነው። በጀት ሲቆረጥም መጀመሪያ የሚነካው እንዲህ ያለው ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰላም ሲሆን ውጤቱ «ምንም የለም» የሚል ወረቀት ብቻ ነው።

አሁን የአርክቲክ በረዶ እየሳሳ መርከቦች እየበዙ ነው። ለመርከብ ሞተር የሚሆነው ከባድ ነዳጅ እዚያ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ቢከለከልም፣ አንዳንድ መርከቦች እስከ 2029 ድረስ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ብዙ መርከብ ገና ያላየ ዳርቻ እዚያ አለ። «ምንም የለም» የሚለው ወረቀት መጻፍ ያለበት አሁን ነው።