የሁለቱ ቄሶች መንደር

ስሙኝማ። በእንግሊዝ አገር መሀል፣ ደርቢሺር በሚባለው ኮረብታማ አውራጃ፣ ኢም የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዋ አንድ ሺህ አይሞላም። ቤቶቿ ከግራጫ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። በሜዳዋ ዳር የጥፋተኛ እግር ይጠረቅበት የነበረ ግንድ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ በቅዱስ ሎውረንስ ቤተ ክርስቲያን ግቢም ከሺህ ዓመት በላይ የኖረ የድንጋይ መስቀል አለ። እንዲህ ያለው ነገር በሌላም የእንግሊዝ መንደር አይታጣም። የኢም ጉድ የመጣው በጨርቅ ነው።

ዘመኑ 1665 ነው፤ የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው። ለንደን በቸነፈር ትረግፋለች፤ በዚያ ዓመት በመዝገብ የሰፈረው ሟች ብቻ ከ68 ሺህ በላይ ነው። ኢም ግን ሩቅ ናት። ሰዎቿ በግ ያረባሉ፣ እርሳስ ከመሬት ይቆፍራሉ፤ የለንደን ወሬ ለእነሱ የሰው አገር ወሬ ነው። ታዲያ አሌክሳንደር ሃድፊልድ የሚባል ልብስ ሰፊ ከዚያችው ከለንደን ጨርቅ አስመጣ። ጨርቁ እርሶ ደረሰ። ረዳቱ ጆርጅ ቪካርስ ጥቅሉን ፈትቶ እሳት ዳር አሰጣው። እንደሚነገረው በጨርቁ ውስጥ ቁንጫ ነበረ፤ ቁንጫውም ቸነፈሩን በሆዱ ይዞ ነበር። እነሱ ይህን በምን ያውቁታል? የበሽታው ተዋሲ ራሱ የታወቀው በ1894 ነው! ቪካርስ በቀናት ውስጥ ተኝቶ፣ ሴፕቴምበር 7 ቀን ተቀበረ። ሞቱ ከዚያ ቤት ወደ ጎረቤት ተሻገረ። ክረምቱ ሲበረታ ጋብ አለ፤ ሰውም «አለፈልን» አለ። አላለፈም። በቀጣዩ ዓመት ሙቀቱ ሲመጣ እንደገና ተነሣ።

እዚህ ላይ ሁለቱን ቄሶች ላስተዋውቃችሁ። አንደኛው ቶማስ ስታንሊ ናቸው። መንደሩን ለዓመታት ያገለገሉ፣ ሕዝቡ የሚወዳቸው ሰው ነበሩ። በእንግሊዝ የንጉሥ አገዛዝ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1662 ካህናት ሁሉ የመንግሥቱን የጸሎት መጽሐፍ እንዲቀበሉ ሕግ ወጣ። ስታንሊ አሻፈረኝ አሉ፤ ደብራቸውንም አጡ። ሁለተኛው በ1664 በቦታው የተሾሙት ዊልያም ሞምፔሶን ናቸው፤ ገና የ28 ዓመት ወጣት ሳሉ ነው መከራው የጠናው። መንደርተኛው አዲሱን ቄስ በጎሪጥ ያያል፤ ልቡ ያለው ከተባረሩት ዘንድ ነው። ሁለቱ ሰዎች በእምነት ሥርዓትም በፖለቲካም አይገናኙም።

በጁን 1666 ግን ተገናኙ። ወጣቱ ቄስ ብቻቸውን ቢናገሩ ማንም እንደማይሰማቸው አውቀዋል፤ ስለዚህ ወደ ስታንሊ ሄዱ። ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ለሕዝቡ ነገሩት። ቤተ ክርስቲያኗ ትዘጋ፤ ጸሎቱ ከክሌት ዴልፍ በተባለው ጎድጓዳ ሜዳ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተራርቆ ቆሞ ይሁን። እያንዳንዱ ቤት ሬሳውን ራሱ በጓሮው ይቅበር። ከሁሉም የከበደው ግን ይኼ ነው፦ ከመንደሩ ዳርቻ ማንም አይውጣ፣ ማንም አይግባ። ወታደር አልከበባቸውም። የዴቮንሺር ባላባት ከቻትስዎርዝ ቤታቸው ስንቅ እንደሚልኩ ቃል ገቡ እንጂ፣ የያዛቸው የገዛ ቃላቸው ነው።

ወደ ስቶኒ ሚድልተን በሚወስደው መንገድ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ቋጥኝ አለ። የኢም ሰው በጉድጓዶቹ ኮምጣጤ ሞልቶ ገንዘቡን ይነክርና ዞር ይላል፤ የማዶው ሰው እህሉን አስቀምጦ ሳንቲሙን ለቅሞ ይሄዳል። ከመንደሩ በላይ ያለችው፣ ዛሬ የሞምፔሶን ምንጭ የምትባለዋም እንዲሁ የመገበያያ ቦታ ነበረች።

ይህን ሳልናገር ባልፍ ግን ትረካዬ ይጎድላል፦ አቅም ያላቸው ጥቂቶች ቀደም ብለው ወጥተዋል። ሞምፔሶንም ሁለት ልጆቻቸውን ይህ የቃል አጥር ከመቆሙ በፊት አሽሽተዋል። ባለቤታቸው ካትሪን ግን ባሌን ጥዬ አልሄድም ብላ ቀረች፤ ኦገስት 25 ሞተች። መቃብሯ ዛሬም በግቢው አለ።

የራይሊዋን ሴት ታሪክ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ቸኩለው የሚያልፉት አይደለም። ኤልሳቤጥ ሃንኮክ ከመንደሩ ጫፍ፣ ራይሊ በተባለ እርሻ ትኖራለች። በኦገስት መጀመሪያ ሞት ቤቷ ገባ። በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን ቀበረች። ቀባሪ ጎረቤት የለም፤ ውሉ እንዲያ ነው። ጉድጓዱን ራሷ ቆፈረች፣ ሬሳውን ራሷ ጎትታ አወረደች። የስቶኒ ሚድልተን ሰዎች ከኮረብታው ላይ ሆነው ያዩዋት ነበር ይባላል፤ ማን ደፍሮ ይወርዳል? እሷ ግን አልታመመችም። በኋላ ሼፊልድ ወደሚገኘው አንድ የተረፈ ልጇ ሄደች። መቃብሮቹ በዝቅተኛ የድንጋይ ካብ ተከበው እዚያው ሜዳ ላይ አሉ።

ማርሻል ሃው ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ታሞ ስለዳነ ዳግም አልያዝም ብሎ፣ ቀባሪ ያጣውን ሬሳ ሁሉ ይቀብራል፤ ዋጋውን ከሟቹ ዕቃ ይወስዳል። አንድ ቀን ኡንዊን የሚባለውን ሊቀብር ሲሸከመው፣ «ሬሳው» ተነሥቶ የሚጠጣ ጠየቀ እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል። ሃው ራሱ ግን በዚያ በሽታ ሚስቱንና ልጁን አጥቷል፤ በሽታውን ቤቴ ያስገባሁት እኔ ነኝ ብሎ ሳይጸጸት አልቀረም ይላሉ።

የመጨረሻው ሰው የሞተው በኖቬምበር 1666 መጀመሪያ ነው። በአሥራ አራት ወር 260 ያህል ሰው አለቀ። በጎረቤት መንደሮች ግን እንዲህ ያለ እልቂት አልደረሰም። አጥሩ ለጎረቤት ደግ፣ ለውስጡ ጨካኝ ነበር። በ2016 ተመራማሪዎች የደብሩን መዝገብ መርምረው፣ አብዛኛው ከአይጥ ሳይሆን ከሰው ወደ ሰው የተላለፈ መሆኑን ገምተዋል። ቤተሰብ በቤተሰብ የረገፈው ለዚህ ነው ማለት ነው።

ወሬው ከጊዜ በኋላ ተኳኩሏል፤ ይህንንም እወቁት። ከዘመኑ የቀረን ዋናው ማስረጃ የደብሩ መዝገብና የሞምፔሶን ሦስት ደብዳቤዎች ናቸው። ብዙው ነገር የተጻፈው ዊልያም ዉድ የተባለው የመንደሩ ሰው በ1842 መጽሐፍ ሲያሳትም ነው። ኤሞት ሲድል ከስቶኒ ሚድልተኑ እጮኛዋ ጋር በአጥሩ ምክንያት ተለያየች ብለው የሚያስለቅሷችሁ አሉ። ኤሞት የሞተችው በአፕሪል ነው፤ አጥሩ የቆመው በጁን!

ከዚያ ወዲህ መንደሯ ኖራለች። እርሳስ ቆፍራለች፣ ሐር ሸምናለች፣ ጫማ ሰፍታለች። ከ1951 ጀምሮ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ናት። የዛሬ እንጀራዋ ግን በአብዛኛው ያው ቸነፈር ነው። በየቤቱ ደጃፍ እዚህ ቤት እነ እገሌ ሞቱ የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል፤ ሮዝ ኮቴጅ በተባለው ቤት ዘጠኝ የቶርፕ ቤተሰብ አባላት አልቀዋል። በዚያ ጽሑፍ ሥር ሰው ሻይ ያፈላል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ይልካል፤ ጎብኚ በመስኮቱ ሲያጮልቅበት መጋረጃውን ይስባል። በ1994 የተከፈተው ሙዚየም ጣሪያ ላይ የነፋስ አቅጣጫ የምታሳየዋ አይጥ ናት። ቀልደኞች ናቸው! በኦገስት መጨረሻ እሑድ ሕዝቡ ወደ ከክሌት ዴልፍ ወርዶ ይጸልያል፤ በዚያው ሰሞን ምንጮቹን በአበባ ቅጠል ሥዕል ያስጌጣሉ፣ በግም ይጠበሳል። በ2020 ኮሮና ዓለምን በየቤቱ ሲዘጋ የኢም ስም እንደገና በየጋዜጣው ተነሣ።

ሞምፔሶን በኋላ ወደ ኢክሪንግ ተዛወሩ። የዚያ ሰዎች ፈርተዋቸው ለጊዜው ከመንደር ውጭ በጎጆ አስቀመጧቸው ይባላል፤ እስከ 1709 ኖሩ። ስታንሊ ግን ከኢም ሳይወጡ በ1670 ሞቱ። ጎብኚው የሚመለሰው የሞምፔሶንን ስም ይዞ ነው። እኔ ብጠየቅ ስታንሊን አስቀድማለሁ። ደመወዝ የላቸውም፣ ሹመት የላቸውም፣ ሂዱ ተብለው ሳሉ ቀሩ፤ ቦታቸውን ለወሰደው ወጣትም ሕዝቡን ይዘው ቆሙለት። በዚያ በኩል የምታልፉ ካላችሁ፣ የካትሪንን መቃብር ከተሳለማችሁ በኋላ የስታንሊንም መታሰቢያ ጠይቁ፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።