መዳብ፣ ኦክሲጅንና የድንች መጥቆር
የአንድ ምርምር አጭር ታሪክ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር ወጥ የምትሠራ እናት ድንቹን እንደ ላጠች ውሃ ውስጥ ትነክረዋለች። ምክንያቱን ብትጠየቅ «እንዳይጠቁር ነዋ» ትላለች። ውሃው ድንቹን ከአየር ስለሚከልለው መልሷ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ አየር ድንቹን የሚያጠቁረው በምን መንገድ ነው የሚለው ጥያቄ የኬሚስትሪ ሊቃውንትን ከመቶ ዓመት በላይ አድክሟል። ይህ ጽሑፍ የጥያቄውን ታሪክ፣ በታሪኩም ውስጥ ስማቸው ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ያልሆነ አንድ ተመራማሪ ያበረከቱትን ድርሻ፣ ለሙያ ባልደረቦቻችን በአጭሩ ለማስታወስ የተዘጋጀ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1856 ሾንባይን የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ፣ አንዳንድ እንጉዳይ ሲቆረጥ ቀለሙን የሚለውጠው በጭማቂው ውስጥ ኦክሲጅንን ለሥራ የሚያነሣሣ አንዳች ነገር ስላለ ነው ሲል አመለከተ። በ1890ዎቹ ቤርትራን የተባለው ፈረንሳዊ ታይሮሲኔዝ የሚባለውን ኤንዛይም ከእንጉዳይ ለይቶ አወቀ። ይኸው ሊቅ ላኬዝ በተባለው ሌላ ኤንዛይም ውስጥ የሚሠራው ብረታ ብረት ማንጋኒዝ ነው ብሎ ነበር፤ ኋላ ግን መዳብ መሆኑ ተረጋገጠ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ገደማ ደግሞ ጀርመናዊው ኩቦቪትስ ከራሱ ከድንች ያጣራው ኤንዛይም ያለ መዳብ እንደማይሠራ አሳየ።

መዳብ መኖሩ ቢታወቅም አሠራሩ ገና አልታወቀም ነበር። ኤንዛይም በሺህ የሚቆጠሩ አቶሞች ያሉት ግዙፍ ፕሮቲን ስለሆነ ሥራው የሚከናወንባትን ጠባብ ስፍራ ነጥሎ ማየት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ኬሚስቶች እኛ መሐንዲሶች ግድብ ከመሥራታችን በፊት የምናደርገውን አደረጉ፤ ይኸውም ትንሽ ሞዴል ሠሩ።

በኒው ዮርክ ግዛት በኦልባኒ ዩኒቨርሲቲ ኬኔት ካርሊን፣ ይልማ ጉልትነህና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተሙት ጥናት ከዚህ ወገን ነው። በሠሩት ውሁድ ውስጥ ሁለት የመዳብ አቶሞች ይገኛሉ፤ እያንዳንዱም በሦስት የናይትሮጅን አቶሞች ተይዟል። በሁለቱ መካከል የቤንዚን ቀለበት ተዘርግቷል። በ1984 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ውሁዱ ኦክሲጅን ሲያገኝ ከኦክሲጅኑ አንዱ አቶም በቀለበቱ ላይ እንደሚተከል ገለጹ። አቶሙ ከኦክሲጅን ጋዙ የመጣ መሆኑንም ክብደቱ በተለየ ኦክሲጅን አረጋገጡ። ታይሮሲኔዝ የሚሠራው ሥራ ያለ ፕሮቲኑ በብልቃጥ ውስጥ ተሠራ ማለት ነው። ይልማ ጉልትነህ ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ ተመራምረዋልም። በ2006 የጃፓን ተመራማሪዎች የታይሮሲኔዝን ቅርጽ በኤክስሬይ ሲያሳዩ፣ በእርግጥም ሁለት የመዳብ አቶሞች እያንዳንዳቸው በሦስት ናይትሮጅን ተይዘው ተገኙ።

ይህ ዕውቀት ለጎጃም ገበሬ ምን ይፈይዳል? በጤነኛ ድንች ወይም አቮካዶ ውስጥ ኤንዛይሙና የሚያጠቁረው ንጥረ ነገር በየክፍላቸው ተለያይተው ይኖራሉ። የሚገናኙት ሕዋሱ ሲሰበር ነው። እንግዲያው ምርቱ በጆንያ ታጭቆ በጥርጊያ መንገድ እየተንገጫገጨ ከጃቢ ጠህናን ወይም ከቡሬ ቀበሌዎች ሲጓዝ፣ ገበያ ከመድረሱ በፊት ጉዳቱ ከውስጥ ተጀምሯል። ጠቁሮ የተገኘውን ነጋዴ በግማሽ ዋጋ ይወስደዋል፤ ኪሣራው የገበሬው ነው። እዚህ ላይ ጠንካራ ሣጥንና የተስተካከለ መንገድ የኬሚስትሪ መሣሪያዎች ይሆናሉ።

ምርቱን ለሚያቀነባብር ፋብሪካም መንገዱ ግልጽ ነው። ኤንዛይም ፕሮቲን ስለሆነ የተከተፈውን ድንች ከማድረቅ በፊት በፈላ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ መቀቀል ሥራውን ያቆመዋል። የሎሚ አሲድም ሁለት ጥቅም አለው፤ በአንድ በኩል ኤንዛይሙ የሚመቸውን ሁኔታ ያውካል፣ በሌላ በኩል መዳቡን ይይዝበታል። አየር ማስወጣት ሦስተኛው ዘዴ ነው። በቡሬ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለተቋቋመባት አገር ይህ የቅንጦት ዕውቀት አይደለም። ጥቁረቱን ሁሉ ብስባሴ ነው ብሎ ውድ ማቀዝቀዣ ብቻ የሚያዝዝ መሐንዲስ፣ ብርድ ኤንዛይሙን እንደሚያዘገየው እንጂ እንደማያጠፋው ሊያውቅ ይገባዋል።

ታይሮሲኔዝ በሰው አካልም ለቆዳ፣ ለፀጉርና ለዓይን ቀለም የሚሰጠውን ሜላኒን ያስጀምራል። ይህ ኤንዛይም በውርስ ሲጓደል አንዱ የአልቢኒዝም ዓይነት ይከሰታል። በደጋ ፀሐይ ሥር የሚኖሩ እነዚህ ወገኖቻችን የሚደርስባቸው የቆዳና የዓይን ችግር እርግማን ሳይሆን የአንድ ኤንዛይም መጓደል መሆኑን ማስረዳት የተማረ ሰው ሁሉ ግዴታ ነው።

በሩቅ አገር ቤተ ሙከራ ሁለት የመዳብ አቶሞችን ሲመረምሩ የኖሩ ሰዎች የድንች ገበያ በሐሳባቸው አልነበረ ይሆናል። ሆኖም የመሠረታዊ ምርምር ፍሬ የሚታየው ዕውቀቱን ተቀብሎ በሣጥን፣ በመንገድና በፋብሪካ የሚተረጉም ባለሙያ ሲገኝ ነው። ይህም የእኛ ድርሻ ነው።