የማርስ ወረራ በሬዲዮ፦ የ1938ቱ ሥርጭት ዳግም ሲፈተሽ

ኦክቶበር 30 ቀን 1938 እ.ኤ.አ. እሑድ ምሽት፣ የ23 ዓመቱ ኦርሰን ዌልስና የመርኩሪ ቴአትር ባልደረቦቹ የኤች. ጂ. ዌልስን «የዓለማት ጦርነት» በሲቢኤስ ሬዲዮ ተጫወቱት። ከዚያ ወዲህ የሚነገረው ግን ስለ ድራማው ሳይሆን ስለ ድንጋጤው ነው፤ ከማርስ ወራሪ መጣ ብሎ የአሜሪካ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወጣ ይባላል። ይህ ትረካ ሲመረመር አይጸናም፤ የሥርጭቱንም ትልቅነት ሸፍኖብናል።

በርግጥ የደነገጡ ነበሩ። በተለይ በኒው ጀርሲ የፖሊስ ስልኮች በጥሪ ተጨናንቀው አምሽተዋል። ይሁን እንጂ በዚያው ሰዓት በስልክ በተደረገ የአድማጮች ቆጠራ ድራማውን እየሰማን ነው ያሉት 2 ከመቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ በኤንቢሲ ይተላለፍ የነበረው የኤድጋር በርገን የቀልድ ዝግጅት አድማጩን ይዞት ነበር። የፕሪንስተኑ የሥነ ልቦና ምሁር ሃድሊ ካንትሪል በ1940 አድማጮቹን ወደ 6 ሚሊዮን ሲያደርስ፣ መፍራትንና መረበሽን በአንድ ቋት ከትቶ ነው ከሚሊዮን በላይ ሰው ተሸበረ ያለው።

ጋዜጦች ነገሩን ለማግዘፍ ምክንያት ነበራቸው። በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን ሬዲዮ የማስታወቂያ ገቢያቸውን ይሻማ ነበር። በ1933 መጨረሻ ጣቢያዎች በቀን ከሁለት የአምስት ደቂቃ ዜና በላይ እንዳያሰሙ የሚገድብ ስምምነት ቢያስገቧቸውም ብዙ አልዘለቀም። የማርሱ ድራማ ሬዲዮን ኃላፊነት የጎደለው ለማለት መልካም አጋጣሚ ሆነላቸው።

ሊጠና የሚገባው የድርሰቱ አወቃቀር ነው። በሐዋርድ ኮክ ጽሑፍ ከሆቴል የዳንስ ሙዚቃ ይተላለፋል፤ ድንገት ተቋርጦ አጭር ዜና ይነበባል፤ ሙዚቃው ይመለሳል፤ እንደገና ይቋረጣል። ቀጥሎ ዘጋቢው ካርል ፊሊፕስ ከግሮቨርስ ሚል መንደር ያየውን ይናገራል። ይህን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ፍራንክ ሪዲክ፣ ሂንደንበርግ የተባለችው የአየር መርከብ በ1937 ስትቃጠል ኸርበርት ሞሪሰን በሲቃ የቀዳውን ዘገባ ደጋግሞ አዳምጦ ነበር። በድራማው የማርስ ወራሪዎቹ እሳት ሲቀርብ የዘጋቢው ንግግር መሐል ላይ ይቆረጣል። ከዚያ ዝምታ። ኦርሰን ዌልስ ዝምታውን ሆን ብሎ አራዘመው። ቅጂውን ዛሬ የሚሰማ ሰው፣ ልብ ወለድ መሆኑን እያወቀ እንኳ፣ እዚያ ላይ ትንፋሹን ይይዛል።

ያመኑት አድማጮች ሞኞች አልነበሩም። ከአንድ ወር በፊት፣ በሙኒክ ቀውስ ሰሞን፣ ፕሮግራም እየተቋረጠ አውሮፓ በጦርነት አፋፍ ላይ መሆኗ ሲነገራቸው ሰንብቷል፤ የተነገራቸውም እውነት ነበር። የሬዲዮን የእውነት ድምፅ ለይቶ ያወቀና ያንኑ ድምፅ ለጥበብ ያዋለ ሰው ነው ዌልስ፤ ይህ ችሎታው በድንጋጤው ወሬ ሥር መቀበሩ ያሳዝናል።

የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ ቅጣት ሳይጥል ዘጋው። ሲቢኤስ በበኩሉ የገባው ቃል ፍርሃት ሊያስነሳ በሚችል ድራማ ውስጥ የዜና ሥርጭትን ዳግም እንደማያስመስል ነበር።