ሠሪው፣ ገዢውና ተነሺው

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፡፡ በምጽፍበት ጉዳይ እኔም ባለጥቅም ነኝ፡፡ ከጥቂት ዓመታት በፊት በመሀል አዲስ አበባ እየተገነባ ካለ ሕንፃ ላይ አንድ አፓርታማ ገዝቻለሁ፡፡ የሕግ ሰው ነኝና ውሉን ከመፈረሜ በፊት ቃል በቃል አነበብኩት፡፡ ስለ ርክክብ ቀን፣ ስለ መዘግየት ቅጣት፣ ስለ መኪና ማቆሚያ ሳይቀር ተከራከርኩ፡፡ ቦታው ላይ ቀድሞ ማን ይኖር እንደነበር ግን አልጠየቅኩም፡፡

ይህን ያወቅሁት ሥራው የት እንደደረሰ ላይ የሄድኩ ዕለት ነው፡፡ በቆርቆሮው አጥር ሥር ጀበና ጥደው ለግንበኞች ቡና የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ፡፡ ስኒውን እያቀበሉኝ፣ «ልጄ፣ ያ ክሬኑ የቆመበት የእኔ ማድ ቤት ነበር» አሉኝ፡፡ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩበት የቀበሌ ቤት ፈርሶ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል፡፡ ቤቱን አልጠሉትም፡፡ ደንበኞቻቸው ግን እዚህ ስለሆኑ በየማለዳው ሁለት ታክሲ እየቀያየሩ ይመጣሉ፡፡

በሕጉ ዓይን ሲታይ በሴትየዋ ላይ የተፈጸመ ጥፋት የለም፡፡ ችግሩ የሚጀምረውም ከዚህ ነው፡፡

እንደሚታወቀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሆኗል፡፡ የቀበሌ ቤት የሚባለውም የዚያ አዋጅ ልጅ ነው፡፡ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ ሲያጸና፣ ዜጋው በመሬቱ ላይ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ ለሚገነባው ንብረት ሙሉ መብት ሰጠው፡፡ መንግሥት ይህን ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲፈልገው ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ ይከፍላል፡፡ በዚህም መሠረት አዋጅ ቁጥር 455/1997 ካሣው ንብረቱን ለመተካት በሚያስፈልገው ወጪ እንዲሰላ ደነገገ፡፡ ስሌቱ የብሎኬቱ፣ የቆርቆሮው፣ የበርና የመስኮቱ ነው፡፡ ቦታው የማንም የግል ሀብት ስላልሆነ ከስሌቱ ውጪ ነው፡፡

እስከዚህ ድረስ ከመርሁ ጋር የሚጣላ ነገር የለውም፡፡ ነገር ግን ያው ቦታ ባዶ ሆኖ ወደ ሊዝ ጨረታ ሲወጣ ድንገት ዋጋ ያወጣል፡፡ በ2007 ዓ.ም. መርካቶ ውስጥ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ሺህ ብር በላይ የቀረበበት ጨረታ ከተማውን ምን ያህል እንዳስገረመ አንባቢ አይዘነጋም፡፡ ማለትም ካሬ ሜትሩ ከነዋሪው ሲወሰድ ዲዳ ነው፤ ለገንቢው ሲሰጥ አንደበት ያወጣል፡፡ ያን ዋጋ የፈጠረው ማን ነው? ከፊሉን መንግሥት በመንገድና በመብራት ፈጥሮታል፡፡ ከፊሉን ደግሞ ሠፈሩን ሠፈር ያደረጉት፣ እድሩን ያቆሙት፣ ገበያውን ያሞቁት ነዋሪዎች ፈጥረውታል፡፡ በእኔ እምነት በሪል ስቴት ልማት ጥቅሞች ይጣጣሙ ሲባል ቀዳሚው ጥያቄ ይህ ልዩነት ለማን ይድረስ የሚለው ነው፡፡ የመሬት የሕዝብ መሆን በራሱ ችግር አይመስለኝም፡፡ እንዲያውም ልዩነቱ ወደ ሕዝብ ካዝና እንዲገባ የሚያስችል ብቸኛው ምክንያት እሱ ነው፡፡ ችግሩ ካዝናው ቦታውን ለለቀቀው ሰው መልሶ የማይከፈት መሆኑ ነው፡፡

አዋጅ ቁጥር 455ን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 (ኋላ ማሻሻያ ተደርጎበታል) አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዷል፡፡ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት ካሣ አስቧል፡፡ መልሶ በሚለማ ሠፈር ውስጥ ያሉ ባለይዞታዎችም በግል ወይም በቡድን ሆነው በፕላኑ መሠረት ራሳቸው እንዲያለሙ የቅድሚያ መብት ሰጥቷል፡፡ ይህ ትልቅ መብት ነው፡፡ ነገር ግን «ባለይዞታ» የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል፡፡ በ2016 ዓ.ም. በፈረሰው ፒያሳም ሆነ በ2017 ዓ.ም. በፈረሰው ካዛንቺስ እጅግ ብዙው ሰው የቀበሌ ቤት ተከራይ ነበር፡፡ ተከራይ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ያገኛል እንጂ አልሚ አይሆንም፡፡ ኮንዶሚኒየሙንም ለመውሰድ በተለመደው አሠራር 20 በመቶውን ቅድሚያ መክፈል ስለሚጠይቅ ብዙዎች ተበድረው ከፍለዋል፤ አልያም ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ሌላ ጠባብ ክፍል ተከራይተዋል፡፡ ከተከራዩ በታች ደግሞ ደባሉና ጥገኛው አሉ፡፡ እነርሱ ብዙ ጊዜ በማንም መዝገብ ላይ የሉም፡፡

ነገሩ በከተማው ውስጥ አያበቃም፡፡ የመሀል ከተማው ተነሺ የሚሠፍርበት ኮንዶሚኒየም በበኩሉ የሆነ ገበሬ ማሳ ላይ ይቆማል፡፡ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ብዙ ሕይወት ካስከፈለ በኋላ ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሠረዘ፡፡ በ2011 ዓ.ም. የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ የተነሣውም ተቃውሞ ከዚያው ቁስል የመነጨ ነው፡፡ የእኔ አፓርታማ፣ የእማማ ማድ ቤትና የገበሬው ማሳ በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፡፡

ለገንቢውም ፍትሐዊ እንሁን፡፡ ገንቢ በአመዛኙ የሚሠራው ገዢ አስቀድሞ በከፈለው ገንዘብ ነው፡፡ ሊፍቱ፣ ኬብሉና መስታወቱ በውጭ ምንዛሪ ይገባሉ፡፡ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በብር የተፈረመ ውል ያለው ገንቢ ሒሳቡ ተናጋ፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1764 ግን ግዴታው ከታሰበው በላይ ከባድ ስለሆነ ብቻ ውል እንደማይለወጥ ይናገራል፡፡ እንደ ገዢ አንቀጹን እወደዋለሁ፤ ግንባታው የቆመበትን ገንቢ ግን አንቀጽ ጠቅሶ ፎቅ ማስጨረስ አይቻልም፡፡ ለዘርፉ ራሱን የቻለ አዋጅ (ቁጥር 1357/2017) የወጣው ከእንዲህ ያለው ጣጣ ብዙ ከታየ በኋላ ነው፡፡

አካባቢን በተመለከተ ሕግ አልጎደለንም፡፡ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ሳይፈቀድለት እንዳይጀመር፣ ጥናቱም ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የሚነካቸው ሰዎች አስተያየት እንዲሰጡበት ያዛል፡፡ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ በጎረቤቱ ስለሚቆም ሕንፃ አስተያየቱን ተጠይቆ የነገረኝ ደንበኛ አላጋጠመኝም፡፡ ከተማው ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚጠጣ ነው፡፡ ገንቢው የራሱን ጉድጓድ ሲቆፍርም የሚቀዳው የጋራውን የከርሰ ምድር ውኃ ነው፡፡

ታዲያ ምን ይደረግ? የሊዝ ውል በአስተዳደሩና በገንቢው መካከል የሚደረግ ስለሆነ ግዴታ ሊጻፍበት ይችላል፡፡ ጨረታው በጥሬ ገንዘብ ብቻ ከሚሆን፣ ቦታው ላይ ለነበሩት ነዋሪዎች በዚያው ቅጥር ውስጥ ስንት ቤትና ስንት የሥራ ቦታ እንደሚሰጥ ተወዳዳሪው እንዲያስቀምጥ ቢደረግ ተከራይና ደባልም በውል ይታቀፋሉ፡፡ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ በ2011 ዓ.ም. የለገሀር ፕሮጀክት ይፋ ሲሆን ነባር ነዋሪዎች እዚያው ቤት እንደሚያገኙ ተነግሮ ነበር፡፡ እኔ የምለው በመድረክ የሚነገረው ተስፋ በውሉ አንቀጽ ሆኖ፣ ከነመቀጫው ይግባ ነው፡፡ ይህ ነፃ አይደለም፡፡ አስተዳደሩ ያነሰ የሊዝ ገቢ ያገኛል፣ ገንቢው ያነሰ ያተርፋል፣ እኔም ለአፓርታማዬ የበለጠ እከፍል ነበር፡፡ ቀድሞ ቢነግሩኝ እፈርም ነበር ወይ? እፈርም ነበር ብዬ ማሰብ እፈልጋለሁ፡፡

አፓርታማው እስካሁን አልተረከበም፡፡ ባለፈው ሳምንት ቡና ስጠጣ እማማ ቀና ብለው ሕንፃውን እያዩ፣ «የአንተ ስንተኛው ላይ ነው?» አሉኝ፡፡ ሰባተኛ ፎቅ እንደሆነ ነገርኳቸው፡፡ ጥቂት አሰቡና፣ «ውኃ እዚያ ድረስ ይወጣል?» ሲሉ ጠየቁኝ፡፡